ከመልሱ ወደ ጥያቄው፦ የፋንክሽንን ኢንቨርስ ደረጃ በደረጃ ማግኘት

ባሕር ዳር በጀልባ መነሻው ላይ ወደ ዘጌ ለመሻገር የቆሙ ተማሪዎች ለጀልባ ነጂው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ሊያቀርቡለት ይችላሉ። አንደኛው «ለሦስት ሰዓት ስንት ያስከፍሉናል?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ «አዋጥተን የያዝነው 1,700 ብር ነው፤ ለስንት ሰዓት ይበቃናል?» የሚል ነው። ነጂው ሁለቱንም ጥያቄዎች የሚመልሰው በአንድ የዋጋ ስሌት ነው፤ የተለወጠው የታወቀውና የሚፈለገው ነገር ቦታ ብቻ ነው። ለገባለት ቁጥር አንድ መልስ የሚያወጣ እንዲህ ያለ ስሌት ፋንክሽን ይባላል፤ በ11ኛ ክፍል ሒሳብ «ኢንቨርስ ፋንክሽን» እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ተማሪዎችን በማስጠናበት ጊዜ ደጋግሜ ያየሁት ችግር አለ። ብዙዎቹ «ፊደላቱን አቀያይሮ መፍታት» የሚለውን ደንብ በቃላቸው ይዘውታል፤ መልሱንም ብዙ ጊዜ በትክክል ያገኙታል። ነገር ግን ያገኙት ቀመር ምን እንደሚል ሲጠየቁ ዝም ይላሉ፤ ጥያቄው ትንሽ ዘወር ብሎ ሲመጣም መንገዱ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ፊደል መቀያየሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ፋንክሽኑ የሠራውን ሥራ መልሶ መፍታት ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስቀድም። መማሪያ መጽሐፋችሁ የላቲን ፊደላትን ይጠቀማል፤ እኔ ግን ወደ ፋንክሽኑ የሚገባውን ቁጥር «ሀ»፣ የሚወጣውን መልስ «መ»፣ ፋንክሽኑን ራሱን ደግሞ «ፈ» ብዬዋለሁ። እየሠራችሁ ስትሄዱ በለመዳችኋቸው ፊደላት ተኩዋቸው። ፊደል የቁጥር መያዣ እንጂ ሌላ ምሥጢር የሌለው መሆኑም በዚያው ይገባችኋል።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ፋንክሽኑ የሚሠራውን በቅደም ተከተል መጻፍ

ለምሳሌ ያህል ጀልባው መነሻ 500 ብር፣ ከዚያም በየሰዓቱ 300 ብር የሚያስከፍል ነው እንበል። (ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የዛሬ የወደቡ ዋጋ አይደሉም።) ቀመሩ ፈ(ሀ) = 300ሀ + 500 ይሆናል። አሁን ቀመሩን ትታችሁ በወረቀት ላይ በቃላት ጻፉት፦ መጀመሪያ ሰዓቱን በ300 አባዛ፤ ቀጥሎ 500 ደመረ። ኢንቨርሱን ለማግኘት ከመጨረሻው ሥራ ተነሥታችሁ እያንዳንዱን በተቃራኒው ትፈታላችሁ። መጨረሻ ላይ የተደመረው 500 መጀመሪያ ይቀነሳል፤ መጀመሪያ በ300 የተባዛው ደግሞ በመጨረሻ ለ300 ይካፈላል። የተማሪዎቹ 1,700 ብር 500 ሲቀነስለት 1,200 ይሆናል፤ 1,200 ለ300 ሲካፈል 4 ይሆናል። ስለዚህ ገንዘባቸው ለአራት ሰዓት ይበቃቸዋል።

ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ለምን እንዳስፈለገ ለሚጠይቅ ተማሪ፣ ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፈውን ሰው አስታውሰዋለሁ። ይህ ሰው ሲነሣ መጀመሪያ እንጨቱን ይደረድራል፣ ቀጥሎ በገመድ ጠፍሮ ያስረዋል። ዳር ሲደርስ እንጨቱን ከገመዱ ሥር መዞ ለማውጣት አይታገልም፤ በመጨረሻ ያሰረውን ገመድ መጀመሪያ ይፈታል፣ ከዚያ እንጨቱን ያወርዳል። 1,700ን መጀመሪያ ለ300 አካፍሎ ከዚያ 500 የሚቀንስ ተማሪ ገመዱ ሳይፈታ እንጨት ለማውረድ እንደሚታገል ሰው ነው፤ የሚያገኘው ቁጥርም ከዜሮ በታች ሆኖ ትርጉም ያጣል።

ይህን በቃላት የመጻፍ ልምድ አትናቁት። ሦስትና አራት ሥራ ያለበት ፋንክሽን ሲመጣ፣ ለምሳሌ «5 ደምር፣ ለ2 አካፍል፣ ሦስተኛ ርቢ አድርግ» የሚል ቢሆን፣ በቃላት የጻፈው ተማሪ «የሦስተኛ ርቢውን ዘር ፈልግ፣ በ2 አባዛ፣ 5 ቀንስ» ብሎ ወዲያው ይጨርሳል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ በአልጀብራ መፍታት

ሁሉም ፋንክሽን ግን በቃላት ተዘርዝሮ አያልቅም። ፈ(ሀ) = (2ሀ + 3)/(ሀ − 1) የሚለውን ተመልከቱ። «ሀ» ከላይም ከታችም ስላለ አንዱን ስንፈታ ሌላው ተተብትቦ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ሥራ የትኛው፣ የመጨረሻውስ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። እዚህ ላይ አልጀብራው ያስፈልገናል።

መልሱን «መ» ብላችሁ ጻፉ፦ መ = (2ሀ + 3)/(ሀ − 1)። ከዚያ ሁለቱንም ወገን በ(ሀ − 1) አባዙ፦ መ(ሀ − 1) = 2ሀ + 3። ቅንፉን ፍቱ፦ መሀ − መ = 2ሀ + 3። አሁን «ሀ» ያለባቸውን ሁሉ ወደ አንድ ወገን፣ የሌለባቸውን ወደ ሌላው ወገን ውሰዱ፦ መሀ − 2ሀ = መ + 3። ብዙ ተማሪ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ቦታ ያለውን «ሀ» አንድ ለማድረግ የጋራውን አውጡ፦ ሀ(መ − 2) = መ + 3። በመጨረሻ አካፍሉ፦ ሀ = (መ + 3)/(መ − 2)።

ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። «መልሱ ይህ ከሆነ የገባው ቁጥር ይህ ነበር» የሚለውን አግኝተናል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የአጻጻፍ ልማድ ነው፤ ወደ ፋንክሽን የሚገባው ቁጥር ሁልጊዜ በአንድ ፊደል እንዲጠራ ስለተለመደ በ«መ» ቦታ «ሀ»ን ተክተን ፈ⁻¹(ሀ) = (ሀ + 3)/(ሀ − 2) ብለን እንጽፋለን። አንዳንድ መምህራን ፊደሉን መጀመሪያ ላይ ያስቀያይራሉ፤ መልሱ አንድ ነው። እኔ ግን ወደ መጨረሻ መተዉን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እስከ መጨረሻዋ መስመር ድረስ እያንዳንዱ ፊደል የሚይዘው ነገር አይለወጥም፤ ተማሪውም መሐል ላይ ቢጠፋበት የት እንዳለ ያውቃል።

ዶሜኑን (ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች) እና ሬንጁንም (ሊወጡ የሚችሉትን መልሶች) ከዚሁ ታነባላችሁ። በፋንክሽኑ ውስጥ «ሀ» 1 ሊሆን አይችልም፤ በኢንቨርሱ ውስጥ ደግሞ 2 አይፈቀድም። ይህ ማለት የመጀመሪያው ፋንክሽን 2ን መልስ አድርጎ ከቶ አያወጣም ማለት ነው። የአንዱ ዶሜን የሌላው ሬንጅ ስለሆነ፣ የፋንክሽኑን ሬንጅ ማግኘት ሲያስቸግራችሁ የኢንቨርሱን ዶሜን መፈለግ ብዙ ጊዜ አጭሩ መንገድ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ፊደሉ ትርጉም ካለው አለመቀያየር

ይህን እርምጃ ለብቻው ያወጣሁት በተግባራዊ ጥያቄዎች ላይ ነጥብ የሚጠፋበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ስለዚህ በዚህ ከተማ ማሰሮ ላይ የሚፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አይደርስም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ባቄላና ሽንብራ በደጋ ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚወስዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ከፍታውን «ከ»፣ ሙቀቱን «ሙ» ብንል፦

ሙ = 100 − ከ/300

በዚህ ቀመር የባሕር ዳር ውሃ በ94 ዲግሪ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት የአዲስ አበባ ውሃ ደግሞ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ቀመሩ «የት እንዳለህ ንገረኝ፤ ውሃህ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ እነግርሃለሁ» ይላል። ኢንቨርሱ የሚለው ግን «ውሃህ በስንት እንደፈላ ንገረኝ፤ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለህ እነግርሃለሁ» ነው። ይህ ለመማሪያ ብቻ የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ አሳሾች ውሃ አፍልተው ቴርሞሜትር በመክተት የተራራ ከፍታ ይለኩ ነበር።

ስንፈታው ከ/300 = 100 − ሙ፣ ቀጥሎም ከ = 300(100 − ሙ) ይሆናል። ቴርሞሜትሩ 93 ቢያሳይ ከ = 300 × 7 = 2,100 ሜትር ነው፤ ይህም የጎንደር ከተማ ከፍታ አካባቢ ነው። በቃ፤ እዚህ ላይ ቁሙ። ደንቡን በቃሉ የያዘ ተማሪ ፊደላቱን አቀያይሮ ሙ = 300(100 − ከ) ብሎ ቢጽፍ፣ የ1,800 ሜትር ከፍታ ሲያስገባ ከዜሮ በታች 510,000 ዲግሪ የሆነ «ሙቀት» ያገኛል። አልጀብራው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው «ከ» ከፍታን፣ «ሙ» ሙቀትን እንደሚይዝ መዘንጋቱ ነው። ፊደሉ የሜትር፣ የብር፣ የሰዓት ወይም የዲግሪ ስም ከሆነ ፈጽሞ አትቀያይሩት።

አራተኛው እርምጃ፦ መመለሻው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ

እስካሁን ያየናቸው ፋንክሽኖች ከእያንዳንዱ መልስ ወደ አንድ ቁጥር ብቻ ይመልሱ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ፋንክሽን ለአንድ ግብአት አንድ መልስ ብቻ እንዲሰጥ ይገደዳል እንጂ፣ ሁለት የተለያዩ ግብአቶች አንድ ዓይነት መልስ እንዳይሰጡ አይከለከልም። ሁለት ግብአቶች አንድ መልስ ሲጋሩ መልሱን ይዘን ስንመለስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ኢንቨርሱም ፋንክሽን መሆኑ ይቀራል። ከዚህ ነጻ የሆነው ፋንክሽን ዋን ቱ ዋን ይባላል።

የጣናን ውሃ ተመልከቱ። ሐይቁ በበጋው እየቀነሰ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ አካባቢ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይደርሳል፤ ክረምቱ ሲገባ ወንዞቹ ይሞሉታል፣ በመስከረም አካባቢም ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ እንደገና ይወርዳል። ቀኑን ብትነግሩኝ የውሃው ከፍታ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከቀን ወደ ከፍታ ፋንክሽን ነው። አሁን ግን ከዳር ያለች አንዲት ድንጋይ ምረጡና «ውሃው የዚህችን ድንጋይ ወገብ የነካው በየትኛው ቀን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ውሃው ድንጋይዋን በዓመት ሁለት ጊዜ ያገኛታል፦ አንድ ጊዜ በክረምት ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሌላ ጊዜ በበጋ ወደ ታች ሲሸሽ። የዓመቱን የውሃ ከፍታ በግራፍ ስላችሁ በድንጋይዋ ወገብ ልክ አግድም መስመር ብታሰምሩ መስመሩ ግራፉን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። የአግድም መስመር ፈተና የሚባለው ይህ ነው፦ ግራፉን ከአንድ ቦታ በላይ የሚቆርጥ አንድ አግድም መስመር እንኳ ከተገኘ ፋንክሽኑ ዋን ቱ ዋን አይደለም።

መፍትሔው ዶሜኑን መቁረጥ ነው። ከየት በኩል እንደሚቆረጥ የሚወስነው ደግሞ የጠያቂው ጉዳይ ነው። በደንቢያና በፎገራ በኩል ሐይቁ ሲመለስ በሚለቀው መሬት፣ በባሕር ሸሹ ላይ የሚዘራ ገበሬ የሚጠይቀው «ውሃው እዚህ ድረስ የሚሸሸው መቼ ነው?» ብሎ ነውና ከመስከረም በኋላ ያለውን የመውረጃ ጊዜ ብቻ ይይዛል። በዳር ያለው ቤቱ ወይም መሬቱ በውሃ እንዳይያዝ የሚሰጋ ሰው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ይይዛል። በሁለቱም ወገን ለአንድ ከፍታ አንድ ቀን ብቻ ይገኛል፤ ኢንቨርሱም አለ።

በአልጀብራ ይህ ጉዳይ በብዛት የሚመጣው በካሬ ነው። ፈ(ሀ) = ሀ² − 6ሀ + 5 የሚለውን ውሰዱ። 1ን ብናስገባ 1 − 6 + 5 = 0፣ 5ን ብናስገባም 25 − 30 + 5 = 0 ነው። ሁለት ግብአት አንድ መልስ ስለሰጡ ኢንቨርስ የለም። ፈተናው ግን ብዙ ጊዜ «ሀ ≥ 3» የሚል ትንሽ ቃል ከጎኑ ያስቀምጣል፤ ተማሪ ችላ የሚለው እሱን ነው። ያ ቃል 1ን ከውጭ አስቀርቶ 5ን ብቻ ስለሚያስገባ ኢንቨርሱ እንዲኖር ያደርጋል። «ሀ» ሁለት ቦታ ስላለ ካሬውን መሙላት ይኖርብናል፦ መ = (ሀ − 3)² − 4። ከዚያ መ + 4 = (ሀ − 3)² ይሆናል። ስኩዌር ሩት ስንወስድ በጥብቁ ± ይመጣል፤ ነገር ግን «ሀ» ከ3 ስለማያንስ (ሀ − 3) ከዜሮ በታች አይሆንምና ፖዘቲቩን ብቻ እንይዛለን፦ ሀ = 3 + √(መ + 4)። ስለዚህ ፈ⁻¹(ሀ) = 3 + √(ሀ + 4) ሲሆን ዶሜኑ ሀ ≥ −4 ነው። ጥያቄው «ሀ ≤ 3» ቢል ኖሮ 3 − √(ሀ + 4) የሚለውን እንይዝ ነበር።

ተቃራኒው ጥንቃቄም አለ። ፈ(ሀ) = √(ሀ − 2) ሲፈታ ሀ² + 2 ይወጣል፤ ይህ ቀመር ብቻውን ሲታይ ማንኛውንም ቁጥር የሚቀበል ይመስላል። ነገር ግን √ ኔጌቲቭ መልስ ሰጥቶ አያውቅምና ኢንቨርሱ ኔጌቲቭ ግብአት ሊቀበል አይገባውም። −3ን ብታስገቡ 11 ይወጣል፤ 11ን ወደ ፈ ብትመልሱት ግን 3 እንጂ −3 አታገኙም። ስለዚህ «ሀ ≥ 0» የሚለው ካልተጻፈ መልሱ ጎዶሎ ነው።

አምስተኛው እርምጃ፦ መፈተሽ

አንድ ቁጥር መርጣችሁ በፋንክሽኑ አሳልፉት፤ የወጣውንም በኢንቨርሱ አሳልፉት፤ የተነሣችሁበት ላይ መድረስ አለባችሁ። ለፈ(ሀ) = (2ሀ + 3)/(ሀ − 1) 2ን ብንሰጥ 7 ይወጣል፤ 7ን ለ(ሀ + 3)/(ሀ − 2) ብንሰጥ 10/5 = 2 ይመለሳል። ለመፈተሻ 0ንና 1ን አትምረጡ፤ ሲባዙም ሆነ በካሬ ሲነሡ ስህተትን የሚሸፍኑ ቁጥሮች ናቸው።

በግራፍ መፈተሽ ለሚወድ ደግሞ፣ ሁለቱን ዘንጎች በአንድ ዓይነት ርቀት ከፋፍላችሁ መ = ሀ የሚለውን ሰያፍ መስመር አስምሩ። ለፈ(ሀ) = 2ሀ − 3 ነጥቦቹ (2፣ 1)፣ (3፣ 3)፣ (4፣ 5) ናቸው፤ የኢንቨርሱ ነጥቦች ደግሞ ተገልብጠው (1፣ 2)፣ (3፣ 3)፣ (5፣ 4) ይሆናሉ። ወረቀቱን በሰያፉ መስመር ላይ አጥፋችሁ ወደ ብርሃን ብታነሡት አንዱ ግራፍ በሌላው ላይ ልክ ይገጥማል። የዘንጎቹ ክፍፍል እኩል ካልሆነ ግን ሥራው ትክክል ሆኖ ሳለ ወረቀቱ አይገጥምም።

ስለ ምልክቱም ልብ በሉ። በፈ⁻¹ ላይ ያለችው −1 ርቢ አይደለችም። ፈ(ሀ) = 2ሀ ከሆነ ፈ⁻¹(4) = 2 ነው፤ 1/ፈ(4) ግን 1/8 ነው። ይህን የአጻጻፍ ስልት እንግሊዛዊው ጆን ኸርሽል በ1813 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሲሆን፣ ከርቢ ጋር መመሳሰሉ እስከ ዛሬ ድረስ ተማሪን ያሳስታል።

ራሱን የሚፈታ ፋንክሽን

በመጨረሻ ሁላችንም በየቀኑ የምንሠራበትን አንድ ፋንክሽን እንይ። የአውሮፕላን ትኬቱ ላይ 9:00 የሚል ያየ የባሕር ዳር ሰው በጠዋቱ 3 ሰዓት እንደሚበር ያውቃል፤ የእኛን 3 ሰዓት ለውጭ አገር እንግዳ ሲነግር ደግሞ 9 ይለዋል። ከ1 እስከ 12 ባለው ሰዓት ላይ ደንቡ ይህ ነው፦ ሰዓቱ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ደምር፤ ከ6 በላይ ከሆነ 6 ቀንስ። አሁን ኢንቨርሱን ፈልጉ። 3 ወደ 9 ይሄዳል፣ 9 በዚያው ደንብ ወደ 3 ይመለሳል፤ 7 ወደ 1፣ 1 ወደ 7። ለመሄጃም ለመመለሻም የምንጠቀመው አንዱን ደንብ ነው፤ ይህ ፋንክሽን የራሱ ኢንቨርስ ነው።

8 − ሀ እና 12/ሀ የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው፤ ራሳችሁ አረጋግጡ። ለልምምድ ፈ(ሀ) = (3ሀ + 1)/(ሀ − 3) የሚለውን በሁለተኛው እርምጃ ፍቱት። በመጨረሻዋ መስመር ላይ የተነሣችሁበትን ቀመር መልሳችሁ ብታገኙት አትሰርዙት፤ 4ን አስገቡ፣ 13 ይወጣል፤ 13ን በዚያው ቀመር አስገቡ፣ 40/10 ሆኖ 4 ይመለሳል።